ልብ ከቆመ በኋላ

በሞት ቤት መቸኮል ነውር መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረናል። ሟቹ በክብር ይገነዛል፤ ወዳጅ ዘመድም አልቅሶ ይሸኘዋል። በዘመናችን ግን ሐኪም በሟች አጠገብ ሆኖ መታገሥም መፍጠንም የሚገባው አንድ ሥራ አለ። ይኸውም ልቡ ቆሞ ከሞተ ሰው የተለገሰውን የአካል ክፍል ለሕያው ሕመምተኛ ሳይበላሽ ማቆየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ሲቆም ደም መዘዋወሩን ይተዋል፤ ኦክስጅንም አይደርስም። ሰውነቱ ገና ሙቅ ስለ ሆነ ጉበትና ኩላሊት እንደ ወትሮው አየርና ምግብ ይሻሉ፤ ይህን በማጣታቸውም በየደቂቃው ይጎዳሉ። ቅዝቃዜ ግን ይህን ፍላጎታቸውን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ደሙን በልዩ ፈሳሽ አጥበው፥ በ4 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ያኖሩአቸዋል። በዚህ አኳኋን ልብ 4 ሰዓት ያህል፥ ጉበት 12 ሰዓት ያህል፥ ኩላሊትም አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን የመጀመሪያውን የሰው ልብ ከሰው ወደ ሰው አዛወሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ልብ ይወሰድ የነበረው በአብዛኛው አንጎላቸው ፈጽሞ ከሞተ፥ ልባቸው ግን በመተንፈሻ መሣሪያ ርዳታ ገና ከሚመታ ሰዎች ነበር። አንድ ጊዜ የቆመ ልብ ተጎድቷል ተብሎ ይተው ነበርና። በ2014 ግን በአውስትራልያ፥ በሲድኒ ከተማ፥ የቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል ሐኪሞች የቆመውን ልብ በመሣሪያ ላይ አኑረው ሙቅ ደም ቢያዘዋውሩበት እንደ ገና መታ። ብርታቱንም ከመረመሩ በኋላ ለሕመምተኛ ተከሉት።

እንግዲህ እያንዳንዱ ደቂቃ ይህን ያህል ከከበደ፥ ሐኪሙ ስለ ምን ይታገሣል? ልቡ ዳግመኛ እንደማይመታ እስኪረጋገጥ ድረስ የሟቹን ሰውነት ለመንካት አይፈቀድለትምና ነው። በእንግሊዝ አገር 5 ደቂቃ፥ በኢጣልያ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ደግሞም ሞቱን የሚያረጋግጡት ሐኪሞች አካሉን ከሚተክሉት የተለዩ ናቸው። ይህ ጥበቃ በሕክምናው ዓይን ኪሣራ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ማንም ቤተ ሰብ የሚወደውን ሰው ለሐኪም አምኖ ባልሰጠ ነበር። ስለዚህ የአዲሱ መሣሪያ ትልቁ ጥቅሙ በጥበቃው የደረሰውን ጉዳት ማቅለሉ፥ ለሟቹ የሚገባው ክብር ለሕመምተኛው መዳን እንቅፋት እንዳይሆን ማድረጉ ነው እንላለን።

በአገራችን በ2008 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ተከላ ከሕያው ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ነው። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከሟች ስለሚደረገው ልገሳ በሐኪም ቤት ሊጠየቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ለቅሶ አእምሮን ይጋርዳል፤ ጊዜውም አጭር ነው። ስለዚህ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በጤናቸው ሳሉ፥ በማዕድ ዙሪያ፥ ይወዱት ወይም አይወዱት እንደ ሆነ ቢነጋገሩበት መልካም ነው። ፈቃዱን አስቀድሞ የተናገረ ሰው በዚያች በጭንቅ ሰዓት ለቤተ ሰቡ ታላቅ ሸክም ያቀልላቸዋል።