ከሻማው ይጀምሩ

«አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ጠቁመኝ፤ ግን የሚገባኝ ይሁን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር የተሰነባበቱት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ። ብዙዎቹ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞክረዋል። የስቲቨን ሆኪንግን «የጊዜ አጭር ታሪክ» ጀምረው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምዕራፍ ላይ ትተውታል። ከዚያም «ሳይንስ ለእኔ አልተሰጠኝም» ብለው ደምድመዋል። ይህ ድምዳሜ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና።

ሆኪንግ መጽሐፉን በ1988 ሲያሳትም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለተራው አንባቢ አስቦ ከአንዲት እኩልታ በቀር አላስገባበትም። ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ጥቁር ጉድጓድን ጓዳ ገብቶ የሚያይ ሰው የለም። ጀማሪው አንባቢ ደራሲው ያለውን ተቀብሎ ከማለፍ ሌላ መንገድ ስለሌለው፣ ገጽ በገለጠ ቁጥር የሚጨብጠው ነገር ያጣል። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው፣ የሚያወራለት ነገር ቤት ውስጥ ወይም ደጅ ላይ ያለ፣ አንባቢውም በገዛ እጁ ሞክሮ «እውነትም!» የሚልበት መጽሐፍ ነው።

ከእንዲህ ያሉት መጻሕፍት የመጀመሪያው የማይክል ፋራዴይ «የሻማ ኬሚካዊ ታሪክ» ነው። ስለ መጽሐፉ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል።

ፋራዴይ በ1791 ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። የተማረው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ነው። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገብቶ ሰባት ዓመት ቆየ። ሊጠረዙ የሚመጡትን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ጄን ማርሴት የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነበር፤ አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተጨዋወተች የምታስተምርበት። ማርሴት ይህን ለመጻፍ የተነሳችው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ተቋም የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ንግግር ሰምታ፣ መጀመሪያ አልገባት ብሎ፣ ቆይታ ደግሞ ከወዳጅ ጋር ስትወያይበት ነገሩ ሲገለጥላት ነው። ሌላው ሰው በዚያው ችግር እንዳይንገላታ ብላ፣ ስሟን እንኳ ሳታወጣ አሳተመችው። ጠራዡ ልጅ ታዲያ ያነበበውን እንዲሁ አልዋጠውም። ኪሱ የፈቀደለትን ትንንሽ ሙከራ እየሠራ ቃሏን ፈተነው፤ እውነት ሆኖ አገኘው።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ በሰጠው ትኬት ራሱን ዴቪን ሊሰማ ሄደ። የያዘውን ማስታወሻ አሳምሮ ገለበጠ፣ በሙያው ጠረዘው፣ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1831 ማግኔት ከሽቦ ጥቅልል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ ያሳየው ይኸው ጠራዥ ነው። የጊቤም የዓባይም ግድብ ጄነሬተሮች የሚሠሩት በዚያ ግኝት ነው። አንድ ንግግር ከዴቪ አዳራሽ ወጥቶ በማርሴት ብዕር አልፎ ጥረዛ ሱቅ ገባ፤ ከዚያም ፋራዴይን ይዞ ወደዚያው አዳራሽ ተመለሰ። ለተራ ሰው የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ፋራዴይ ሸምግሎ፣ በ1860 የገና ሰሞን፣ በዚያው አዳራሽ ለወጣቶች ስድስት ንግግር ጀመረ። ርዕሱ ሻማ ብቻ ነበር። ንግግሮቹ በ1861 ታተሙ። የተነገሩት ለልጆች ስለሆነ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ሰው መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ይዘልቀዋል።

መጽሐፉን አንድ ክረምት መብራት የጠፋ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ሞከርነው። ሻማው ደህና አድርጎ ሲነድ እፍ ብዬ አጠፋሁት። ከክሩ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሳ። ክብሪት ለኩሼ ክሩን ሳልነካ፣ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ጭሱን አስነካሁት። እሳቱ በጭሱ ላይ ወደ ታች ሮጦ ክሩን አበራው። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ «ጋሼ፣ ሳትነካው እንዴት በራ?» አለ። ያን ማታ አሥር ጊዜ ያህል አጥፍተን አብርተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሻማ ሰም ጠጣር ሆኖ አይነድም። መጀመሪያ ይቀልጣል፤ የቀለጠው፣ ጋዝ በኩራዝ ፈትል እንደሚወጣው፣ በክሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከዚያ ሙቀቱ ተን ያደርገዋል። የሚነደው ተኑ ነው። ሻማው ሲጠፋ ያልነደደው ተን እየቀዘቀዘ ነጭ ጭስ መስሎ ይታያል፤ እሳት ሲያገኝ ይያያዛል። በሻማው አናት ላይ የቀለጠው ሰም የሚጠራቀምባት ትንሽ ጽዋም ያለ ምክንያት አልተፈጠረችም። ነበልባሉ አየሩን ሲያሞቀው ሙቁ አየር ይነሳል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል፤ ያ ቀዝቃዛ አየር የሻማውን ዳር እየላሰ ስለሚያልፍ ዳሩ ሳይቀልጥ ይቆያል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል። ነፋስ ካለ ግን አንዱ ጎን ይቀልጥና ሰሙ ይፈስሳል። ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የያዘ ሁሉ ይህን በጣቱ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ማንኪያ ነበልባሉ መሐል ያስገቡ። ወዲያው ጥላሸት ይለብሳል። ያ ጥቁር ዱቄት ካርቦን ነው፤ የሻማው ቢጫ ብርሃን የሚመጣው ከእሱ ነው። ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣቶች ነድደው ከማለቃቸው በፊት እንደ ፍም ይግላሉ፤ እኛም በዚያ ግለት እናያለን። ጥላሸት የጓዳ ጣሪያችንን ያጠቆረው፣ የብራና ጸሐፊዎችም ለጥቁር ቀለም የሚጠቀሙበት ነው። ከዚያ ደግሞ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ይድፉ። ብርጭቆው ውስጡን ላብ ያወጣል። ውሃ ነው። በሰሙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የወለደው ውሃ። ከእሳት ውሃ ሲወጣ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ኬሚስትሪን እንደ ድሮው የሽምደዳ ትምህርት አድርጎ አያስበውም።

ሁለተኛው ምርጫዬ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የቻርልስ ዳርዊን ስም ሲነሳ የሚታወሰው በ1859 የታተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» ነው። እኔ ግን ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1881፣ ያሳተመውን የመሬት ትል መጽሐፍ አስቀድማለሁ። ዳርዊን ትሎችን አፈር በሞላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ ፊሽካ አስነፋላቸው፣ ፒያኖ አስመታላቸው፣ ጮኸባቸው። ምንም አልመሰላቸውም። ማሰሮው ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ሲመታ ግን ቱር ብለው ጉድጓዳቸው ገቡ። ድምፅ አይሰሙም፤ ንዝረት ያውቃሉ። ጉድጓዳቸውን በቅጠል የሚደፍኑት በየትኛው ጫፍ እየጎተቱ እንደሆነ ለማወቅም ከ300 በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ቆርጦ በተነላቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። በ1842 ቤቱ አጠገብ ባለ መስክ ላይ የነጭ ኖራ ድንጋይ ስብርባሪ አስበተነ፤ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ መስኩን በቦይ አስቆፈረው። ነጩ መስመር 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። ድንጋዩ በራሱ አልሰመጠም። ትሎቹ ከታች የበሉትን አፈር ዓመት ከዓመት ከላይ እየተፉ ቀበሩት። ዛሬ በአገራችን ገበሬዎች በትል ኮምፖስት ያዘጋጃሉ፤ ዳርዊን የተመለከተው ሥራ ያው ነው። ዝናብ ባቆመ ማግስት ጓሮ ወጥቶ እርጥብ አፈር ላይ የተከመረችውን የትል ኩስ ማየት መጽሐፉን ግማሽ እንደማንበብ ነው።

የሬቼል ካርሰንን «ጸጥ ያለው ጸደይ» ሦስተኛ አድርጌ የምሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለጨረሰ ሰው ነው፤ ከበድ ይላል። በ1962 አሜሪካ ውስጥ ታተመ፤ ስለ ዲዲቲና ስለ ዘመዶቹ ነው። የወባ መከላከያ ሠራተኞች ጎጆ ለጎጆ ዲዲቲ ሲረጩ ያየ ኢትዮጵያዊ ስሙን አይስተውም። ካርሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለን አንድ ሐይቅ ታነሳለች። ለትንኝ ተብሎ የዲዲቲ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ተጨመረበት፤ ውሃው ውስጥ የነበረው በሚሊዮን 0.02 እጅ ብቻ ነው። ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ግን ያን በሰውነታቸው አጠራቀሙ፤ ዓሣ እነሱን በላ፤ ወፍ ዓሣን በላች። በሞቱት ወፎች ስብ ውስጥ በሚሊዮን 1,600 እጅ ተገኘ፤ 80,000 ዕጥፍ መሆኑ ነው። መርዙ በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም። ካርሰን ኬሚካል ከነጭራሹ አይነካ አላለችም። ምን እንደምንረጭ እንወቅ ነው ያለችው።

ድንቅነሽንስ እንዴት እዘላታለሁ? ዶናልድ ጆሃንሰን ከሜይትላንድ ኢዲ ጋር በ1981 ያሳተመው «ሉሲ» ሐዳር ላይ ኅዳር 15 ቀን፣ በእኛ 1967፣ የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ታሪክ ይተርካል።  ከዚህ መጽሐፍ እጅ ላይ የሚቀረው ጉልበት ነው። መስታወት ፊት ይቁሙ። የሁለቱ ጭን አጥንቶች ከዳሌ ተነስተው ወደ ጉልበት ሲወርዱ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ስንራመድ እግራችን ከሰውነታችን ሥር የሚያርፈው ለዚህ ነው። የቺምፓንዚ ጭን አጥንት ቀጥ ያለ ስለሆነ በሁለት እግሩ ሲሄድ ይንገዳገዳል። የድንቅነሽ ጭን እንደ እኛ ያዘነብላል። ይህን ካነበቡ በኋላ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ቢሄዱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጉልበቷን ይሆናል።

የፋራዴይና የዳርዊን መጻሕፍት የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ለጡረተኛው የታሪክ መምህር የፋራዴይን አትሜ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ደውለው የኖራ ውሃ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠየቁኝ። ለግድግዳ የሚሆነውን ኖራ በውሃ በጥብጠው እንዲያሳድሩት፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ እንዲቀዱ፣ እጅና ዓይናቸውን እንዲጠብቁ ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ማታ እንደገና ደወሉ። ሻማ የነደደበትን ማሰሮ አየር ከጠራው የኖራ ውሃ ጋር ሲንጡት እንደ ወተት ነጣ፤ ያነጣው ሻማው ሲነድ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያ ንጹሕ የኖራ ውሃ በሌላ ብርጭቆ ቀድተው፣ ወደ ላይ ላለመሳብ እየተጠነቀቁ፣ በስትሮ የገዛ ትንፋሻቸውን እፍ አሉበት።

«እሱም ነጣ» አሉኝ። «እኔም እየነደድኩ ነው ማለት ነዋ!»