በአየር ጉዞ ወቅት የሚደርስ የግፊት ለውጥና በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያስከትለው ችግር

ከቦንጋ ተነሥቶ በመኪና ወደ ጎጀብ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ጆሮው ይደፈንበታል፤ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ ይከፈትለታል። ቦንጋ ላይ በሚገባ የተከደነ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስም ከሸለቆው ግርጌ ሲደርስ ጎኑ ገባ ብሎ ይታያል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። ወደ ቆላ በተወረደ መጠን የአየር ግፊት ይጨምራል፤ የታፈነ አየርም በዚያው ልክ ይጨመቃል። መምህራን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የቦይል ሕግ ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ሕግ በአየር ጉዞ ጊዜ በጆሮ፣ በፊት ነርቭና በአንጎል ላይ የሚያስከትለውን ሁኔታ ማስረዳት ነው።

የአውሮፕላን ውስጥ አየር

የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት በመሣሪያ ስለሚጠበቅ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊት በታች እንዲወርድ አይደረግም። ይህም በባሕር ወለል ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበውን ቦይንግ 787 በመሳሰሉ አውሮፕላኖች ደግሞ ወሰኑ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ብሏል።

በአገራችን ሁኔታ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,330 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዘወትር የሚተነፍሰው አየር በግፊቱ ከአውሮፕላን ውስጥ አየር ብዙም አይለይም። ከካፋ ዞን በአውሮፕላን የሚጓዘው ሰው በብዛት የሚነሣበት የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ግን፣ እንደ ቦንጋ ከተማ ሁሉ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ግፊቱ ከአሥር አንድ እጅ በማይሞላ መጠን ይቀንሳል፤ ሲመለሱ ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወርዶ ከባሕር ዳርቻ የሚያርፍ መንገደኛ ዘንድ ለውጡ እጅግ ይበልጣል፤ የታፈነ አየር መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል።

በመውረድ ጊዜ ለምን ይብሳል?

በመካከለኛው ጆሮና በግንባር፣ በጉንጭም አጥንቶች ውስጥ አየር የያዙ ክፍተቶች አሉ። አውሮፕላኑ ሲወጣ በክፍተቶቹ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ በጠባቧ መተላለፊያ በራሱ ይወጣል። በመውረድ ጊዜ ግን አየሩ ተመልሶ እንዲገባ መተላለፊያዋ መከፈት አለባት፤ የምትከፈተውም በመዋጥ፣ በማዛጋት ወይም በማኘክ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው መተላለፊያው ስለሚያብጥ ይቸገራል። በዚህም የተነሣ የካፋ መንገደኛ ከመሄዱ ይልቅ ወደ ጅማ ሲመለስ ሕመሙ ሊበረታበት ይችላል።

የሚታዩ ምልክቶች

የመጀመሪያው የአውሮፕላን ራስ ምታት የሚባለው ነው። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ አስፍሮታል። ብዙውን ጊዜ በማረፍ ላይ ሳሉ ይጀምራል፤ በአንድ ወገን፣ በግንባርና በዓይን ዙሪያ እንደ ስለት የሚወጋ ሲሆን፣ መውረዱ ካበቃ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

ሁለተኛው የፊት ነርቭ ጊዜያዊ መስነፍ ነው። ይህ ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ አጠገብ በአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። በአንዳንድ ሰዎች የቦዩ ግድግዳ ክፍት ስለሚሆን፣ በጆሮ ውስጥ የታፈነው አየር ነርቩን ሲጫነው ፊት በአንድ ጎን ይላላል። ችግሩ ያልተለመደ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ሲስተካከል ይድናል። ሦስተኛው፣ ግፊቱ በሁለቱ ጆሮዎች እኩል ሳይስተካከል ሲቀር የሚመጣ አጭር የማዞር ስሜት ነው።

ይሁንና የፊት መጣመም በድንገት ሲታይ፣ በተለይም ከክንድ መዛልና ከአንደበት መተሳሰር ጋር ከመጣ፣ የአየር ግፊት ነው ተብሎ ሊታለፍ ከቶ አይገባም። በተለምዶ ስትሮክ የሚባለው የአንጎል የደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል በሽተኛው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሰዎች

ጭንቅላቱ የተሰበረ ወይም በቅርቡ የራስ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በራስ ቅሉ ውስጥ አየር ታፍኖ ሊቀር ይችላል። ይህ አየር በከፍታ ሲሰፋ መውጫ ስለማያገኝ አንጎልን ይጫናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። በሽተኛው ከአውሮፕላን ይልቅ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ቢላክም ከግፊቱ ለውጥ አያመልጥም፤ አዲስ አበባ ራሷ የአውሮፕላን ውስጥ ያህል ከፍታ ላይ ናትና። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው የመጓጓዣው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የመድረሻው ከፍታም ጭምር ነው። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ ከፍታን በመፍራት ብቻ አስቸኳይ ሕክምና ማዘግየትም ሌላ አደጋ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ሕመሙ በመድኃኒት እስከ ተቆጣጠረለት ድረስ በአውሮፕላን ከመጓዝ በአጠቃላይ አይከለከልም። ይልቁንም እንቅልፍ ማጣትና የመድኃኒት ሰዓት ማሳለፍ ሕመሙን ስለሚቀሰቅሱ፣ መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣው ይዞ በሰዓቱ መውሰድ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ሊታይ የሚችል ነው። በካፋ የሚያስተምሩ መምህራን ከደጋ ወደ ቆላ የሚወስደውን የአካባቢያቸውን መንገድ እንደ ቤተ ሙከራ ቢጠቀሙበት፣ የቦይል ሕግ ለተማሪው የቃል ጥናት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የትምህርትና የጤና ዕቅድ አውጪዎችም ለራስ ጉዳተኞች በሚዘጋጁ የሪፈር መመሪያዎች ውስጥ የመነሻና የመድረሻ ከፍታ እንዲታሰብ ቢያደርጉ፣ ቀላል የሆነው የፊዚክስ ዕውቀት ሕይወት ለማዳን ያገለግላል።