ለባችለር ፓርቲ የት እንሂድ? ተረትና እውነታ

«ባችለር ሐዋሳ ካልሆነ ምኑን ባችለር ሆነ!» የሚል ሚዜ ከየአጀቡ አይጠፋም። ሐዋሳን ማንም አይጠላም። ግን ከከተማው በፊት ቀኑ መታየት አለበት።

ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ ላይ ይውላል። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ደግሞ የሚፈታው በገና ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ከሆነም ባችለሩ 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ከሚዜዎቹ ግማሾቹ ጾመኛ ከሆኑ በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል የሚያልፈው ጠዋት ምን ሊሆን ነው? ጀልባዎቹ ዓሣ ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ትራፊ ለመልቀም ይሻማሉ፣ ሾርባው በትኩሱ ይቀዳል፤ ገሚሱ ሲበላ ገሚሱ ቆሞ ያያል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሳማ ጨዋታው እዚያው አለቀ።) በዚያ ላይ ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከተማው በምእመናን ይሞላል፤ በዋዜማው ደርሶ አልጋ መፈለግ ዘበት ነው።

«ሩቅ ከሆነ ይደምቃል» የሚለውም አያስኬድም። አርባ ምንጭ ውብ ናት፤ ግን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመኪና ከሆነ ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ያልቃል። በአውሮፕላን ካልሆነ ወይም ተጨማሪ ቀን ካልተገኘ ይቅር።

ስለ መዋኘት ያለው ግምት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ይመስላል፤ የሚታወቀው ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ነው። ጥርት ብሎ የሚያጓጓው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለበት። የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅማ የአዞ ቤት ነው።

«ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፣ ማታውኑ እንመለሳለን» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው። ርቀቷ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች መሆኑ ጠጥቶ ለመንዳት ሰበብ ሆኗል። አዳር ካልታሰበ የማይጠጣ ሹፌር ከመነሻው ይያዝ።

መዋጮ ከመሰብሰባችሁና ለሆቴል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ዘርግታችሁ እዩ፤ ሙሽራውንም ጠይቁት።