በፀሐይ ላይ ያለ የጨው ውኃ ገንዳ፦ ሙቀት፣ ትነትና ኦክስጅን

እ.ኤ.አ. በ2023 በሰሜኑ የዓለም ክፍል በጋ፣ በእኛ አቆጣጠር ግን በክረምቱ ወራት፣ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ባሕር ባልተለመደ ሁኔታ ጋለ። ሐምሌ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. (ጁላይ 24 ቀን 2023) በማናቲ ቤይ የተተከለ የመለኪያ መሣሪያ 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዘገበ። ስፍራው ጥልቀት የሌለው፣ ደለልና የባሕር ሣር የበዛበት በመሆኑ አኀዙን የክፍት ባሕር መጠነ ሙቀት አድርጎ መውሰድ አይገባም። ይሁን እንጂ በዚያው ወር በሶምብሬሮ ሪፍ የነበሩ የተተከሉ ኮራሎች በሙሉ ሞተው በመገኘታቸው ተመራማሪዎች በባሕር ውስጥ ያለሟቸውን ኮራሎች በሺህ የሚቆጠሩ አድርገው ወደ የብስ አወጡ። በሎንግ ኪ የሚገኘው የኪስ የባሕር ቤተ ሙከራ ከተቀበሏቸው ተቋማት አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ባሕሩን የሚያህል ግዙፍ ውኃ ከጋለ፣ በመሬት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ገንዳ እንዴት ከዚያ የተሻለ መጠለያ ሊሆን ይችላል? በእርግጥም ጥንቃቄ ካልተደረገለት ሊሆን አይችልም። ቀላል ሥሌት እንሥራ። የላይኛው ገጽ 1 ካሬ ሜትር፣ ይዘቱ 400 ሊትር የሆነ የጨው ውኃ ገንዳ 410 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 1,640 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1,000 ዋት ታፈስሳለች፤ በአንድ ሰዓት 3,600 ኪሎ ጁል መሆኑ ነው። ውኃው ይህን ሁሉ ቢውጥና ምንም ባይለቅ በየሰዓቱ ከ2 ዲግሪ በላይ ይሞቃል ማለት ነው። ኮራል ደግሞ ከለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት 1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ቢቆይበት በአካሉ ውስጥ አብረውት የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ጥቃቅን ዋቅላሚዎች አስወጥቶ ይነጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥላ ነው። የጥላ መረብ የፀሐይን ጉልበት ገና ወደ ውኃው ሳይገባ ያስቀረዋል፤ ከገባ በኋላ ከማስወጣት ይህ እጅግ ይረክሳል። ለኮራል ግን ሌላም ጥቅም አለው። ሙቀት የዋቅላሚዎቹን የብርሃን ምግብ ዝግጅት ሲያውክ፣ በላዩ ላይ የሚጨመረው ብርሃን ጉዳቱን ያባብሰዋልና። ጥላው ከገንዳው ከፍ ብሎ መዘርጋት ይኖርበታል፤ በውኃው ላይ ቢደፋ ነፋስን ይከለክላል፤ ነፋስ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ቀጥለን እናያለን። የገንዳውን ጎን በአፈር መክበብ ወይም በከፊል ወደ መሬት ማስገባትም ይረዳል።

የእንስራው ምሥጢር

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማቀርበው ጥያቄ አለ፦ የአየሩ መጠነ ሙቀት 40 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ በጥላ ሥር የተቀመጠ ክፍት ውኃ በመጨረሻ ስንት ዲግሪ ይሆናል? አብዛኛዎቹ ያለ ማመንታት «40» ይላሉ። ሆኖም በቆላ ያደገ ማንም ሰው በሸክላ እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ ከአየሩ የቀዘቀዘ መሆኑን ያውቃል። ሸክላው ያዥጋል፤ የወጣው ውኃ ሲተን ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቀሪው ውኃ ይወስዳል።

ይህ ሙቀት ትንሽ አይደለም። 1 ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን ወደ 2,430 ኪሎ ጁል ይዞ ይሄዳል። ከላይ ባየነው ገንዳ 1 ሊትር ውኃ ብቻ ቢተን ቀሪው በ1.5 ዲግሪ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከበረዶ ጋር እናነጻጽረው፦ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ቀልጦ እስከ 28 ዲግሪ ሲሞቅ የሚወስደው ወደ 450 ኪሎ ጁል ነው። አንድ ሊትር ውኃ በትነት ከአምስት ኪሎ በረዶ የበለጠ ይሠራል ማለት ነው። በውኃው ገጽ ላይ በስላች የሚነፍስ ተራ ማራገቢያ ከበረዶ ጆንያ የሚሻለው ስለዚህ ነው። በረዶ የግድ ካስፈለገም በተዘጋ ጠርሙስ ሆኖ ይግባ፤ ቀልጦ ከባሕሩ ውኃ ጋር እንዳይቀላቀል።

ነገር ግን ትነት ወሰን አለው። ወሰኑን የሚነግረን በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያሳየው ንባብ ነው። አየሩ 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ ርጥበቱ 15 በመቶ ቢሆን፣ እርጥቡ ቴርሞሜትር 21 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤይላት የበጋ ቀትር ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ብቻ፣ ርጥበቱ ግን 70 በመቶ ቢሆን ንባቡ ወደ 30 ዲግሪ ይወጣል። በዱባይ ወይም በዶሃ ጠረፍ የበጋ ምሽት የኖረ ሰው ይህን አየር በቆዳው ያውቀዋል። እዚያ ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢበረታ ውኃውን ከ30 በታች ሊያወርደው አይችልም፤ እንዲያውም ጨው ትነትን ጥቂት ስለሚያዳክም ወሰኑ ትንሽ ከፍ ይላል። ፍሎሪዳም ርጥበታማ ናት። በእነዚህ ስፍራዎች እንደ ማቀዝቀዣ ሣጥን በኮምፕሬሰር የሚሠራ የውኃ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። በደረቅ ስፍራ ግን ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እርጥብ ጨርቅና ሁለት ብር የማያወጣ ክር ይዞ ቴርሞሜትሩን ማማከር ይበጃል።

ደረቅ አየር ሌላም ስጦታ አለው። በጠራ ሌሊት ክፍት ውኃ ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ይለቃል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ዋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጥላውን መረብ ማታ መሰብሰብ አይከፋም።

የሚተነው ውኃ እንጂ ጨው አይደለም

ለትነት የሚከፈል ዋጋ አለ። ገንዳችን በደረቅና ነፋሻማ ቀን 10 ሊትር ያህል ሊያጣ ይችላል። በሦስት ቀን 30 ሊትር ቢተንና ባይተካ በኪሎ ግራም 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 38 ግራም ያድጋል። የጎደለው መተካት ያለበት በንጹሕ ጨው አልባ ውኃ ነው። የባሕር ውኃ መጨመር ምክንያታዊ መስሎ ቢታይም በየዕለቱ ጨው በጨው ላይ መደረብ ነው። ምትኩ በቀን አንዴ በባልዲ ከሚገለበጥ ጥቂት በጥቂት ቢንጠባጠብ ለእንስሳቱ ይመቻል። የጨውን መጠን በሪፍራክቶሜትር መከታተል ይቻላል፤ ከሌለ በገንዳው ጎን የውኃውን ከፍታ ምልክት ማድረግ ብቻውን ብዙ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ እንምጣ። ዓሣ በሙቀት ማዕበል ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ተቀቅሎ ሳይሆን ታፍኖ ነው። በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአየር ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በ32 ዲግሪ ወደ 6.0 ይወርዳል። አቅርቦቱ በአሥር በመቶ ቀነሰ። ፍላጎቱስ? ሰውነታቸው ከውኃው ጋር የሚሞቅ እንስሳት በ10 ዲግሪ ጭማሪ የሚጠቀሙት ኦክስጅን በግርድፉ እጥፍ ይሆናል፤ በ7 ዲግሪ ጭማሪ 60 በመቶ ያህል ያድጋል። የሞቀ ውኃ ውስጥ ደግሞ ከዓሣው ከሚወጣው አሞኒያ በመርዛማው መልክ የሚገኘው ክፍል ይጨምራል፤ በሙቀት ቀናት ምግብ መቀነስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

በሌሊት ዋቅላሚዎችም ኦክስጅን ተጠቃሚ ስለሚሆኑ ዝቅተኛው መጠን የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ነው። ቀትር ላይ ጤናማ የነበረ ገንዳ ማለዳ የሞቱ ዓሦች የሚገኙበት በዚህ ምክንያት ነው። በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ስፍራዎች ዓሣ በኩሬ ለማርባት የሚያስቡ አንባብያንም ይህን ልብ ይበሉ፤ ጨው አልባ ውኃ በተመሳሳይ ሙቀት ጥቂት የበለጠ ኦክስጅን ቢይዝም የማለዳው ችግር ያው ነው።

መፍትሔው የውኃውን ገጽ ማነቃነቅ ነው፤ ኦክስጅን የሚገባው በገጹ በኩል ነውና። ፓምፕ ግን በውኃ ውስጥ ከተጠመቀ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ 100 ዋት ፓምፕ የ100 ዋት ማሞቂያ ነው። ከውጭ ሆኖ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ይመረጣል። ጨዋማ ርጥበትና ኤሌክትሪክ ስለማይዋደዱ በመስመሩ ላይ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ሊኖር ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው፣ ማራገቢያውና ፓምፑ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ከሦስቱ በመጀመሪያ መመለስ ያለበት የአየር ፓምፑ ነው። ጥላ ያለው 400 ሊትር ውኃ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ብዙ ዓሣ በያዘ ሙቅ ገንዳ ግን ኦክስጅን ከዚያ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስደውን የአየር ፓምፕ አንድ የመኪና ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ሊያሠራው ይችላል። ጄኔሬተር ያለውም ቢሆን ይህን ባትሪ ሞልቶ ከገንዳው አጠገብ በደረቅ ስፍራ ያስቀምጥ።