ስለሚጠበቁት የካሜራ ሌንሶች፤ በጣና ዳር ለሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ምን ይጠቅማሉ?

የካሜራ ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዳዲስ ሌንሶችን ያወጣሉ። ገና ያልወጡትም ቢሆኑ ወሬያቸው አስቀድሞ በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ይሰማል። አንዱ የሚመጣው ሌንስ ከዛሬው የበለጠ ብርሃን እንዲሰበስብ ይመኛል፤ ሌላው ክብደቱ በግማሽ እንዲቀንስ ተስፋ ያደርጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዋጋው እንዲረክስ ይጠብቃል። ይህ ተስፋ በባሕር ዳርም አለ፤ ሙሽሮችን በሐይቁ ዳር የሚያነሣው ባለሙያም፣ አዕዋፍን የሚያጠናው ተማሪም፣ የገዳማትን ሥዕሎች የሚመዘግበው ተመራማሪም ይካፈሉታል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ከእነዚህ ተስፋዎች የትኞቹ ሊፈጸሙ እንደሚችሉ፣ የትኞቹን የብርሃን ሕግ ራሱ እንደሚከለክል፣ የትኞቹ ደግሞ አዲስ ሌንስ ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። ጉዳዩ የመሣሪያ ፍቅር ብቻ አይደለም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ እንመልከት፤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2001 ሥራ ከጀመረ በኋላ በዓመቱ ብዙ ወራት የፏፏቴው ውኃ ቀንሶ ታይቷል፤ ከዚያ በፊት የተነሡት ፎቶግራፎች የቀድሞውን መጠን የሚመሰክሩ ሰነዶች ሆነዋል። የገዳማቱን ግድግዳዎችም እርጥበትና ምስጥ ይጎዷቸዋል። ስለዚህ ዛሬ በምን ሌንስና እንዴት አድርገን እናነሣለን ብሎ መጠየቅ ነገ ምን ይቀርልናል ብሎ እንደ መጠየቅ ይቈጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

አንባቢ እንዲከተለን ስለ ሌንስ ሁለት ነገሮችን አስቀድመን እንናገራለን። አንደኛው የትኩረት ርቀት ነው። ይኸውም ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በሌንሱ አልፎ ከሚሰበሰብበት ነጥብ እስከ ሌንሱ ያለው ርቀት ሲሆን፣ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሲበዛ ሩቁን አቅርቦ ያሳያል። ሁለተኛው የብርሃን በር ነው። የበሩ ቁጥር የሚገኘው የትኩረት ርቀቱን በበሩ ስፋት በማካፈል ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ በሩ ሰፋ ማለት ነው። የሚገባው ብርሃን ደግሞ በቁጥሩ ካሬ መጠን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በኤፍ 2 የሚገባው ብርሃን በኤፍ 4 ከሚገባው 4 እጥፍ፣ በኤፍ 8 ከሚገባው 16 እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በጣና ዙሪያ ፎቶግራፍ አንሺን የሚጠብቁት ሥራዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ሌንስን በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ የሚፈትኑትን ሦስቱን መርጠናል፤ እነርሱም የግድግዳ ሥዕል፣ የሌሊት ማኅሌትና የሐይቁ ላይ ሕይወት ናቸው።

የመጀመሪያው የግድግዳ ሥዕል ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ክብ ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። በእንዲህ ያለው ሕንፃ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ በዙሪያ ሆነው፣ መቅደሱ በመካከል አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ ሥዕሉም ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ከቅድስቱ ስፋት በላይ ወደ ኋላ መራቅ አይችልም። ለምሳሌ ያህል ከግድግዳው 3 ሜትር ብቻ መራቅ ቢቻል፣ የሚነሣውም ሥዕል 6 ሜትር ወርድ ቢኖረው፣ 36 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ሴንሰር ላይ በሙሉ እንዲገባ የሚያስፈልገው የትኩረት ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ለ6 እንደ 18 ለ36 ነውና።

ይህም ብቻ አይበቃም። ሥዕሉ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ስለ ሆነ፣ ካሜራው ወደ ላይ ቀና ያለ እንደ ሆነ የግድግዳው ጠርዞች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ የቅዱሳኑም መልክ ተጣምሞ ይወጣል። ለዚህ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ካሜራው ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ የሚንሸራተትበት ዘዴ ነው። ኒኮን እንዲህ ያለውን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለትንሹ ካሜራ አቀረበ፤ ካኖን ደግሞ በ2009 ባለ 17 ሚሊ ሜትሩን አወጣ። የኋለኛው ከላይ ለሰጠነው ምሳሌ የሚስማማ ነው።

ብዙ ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ስለ ሆነ የሚያስፈልገው እጅግ ሰፊ በር ያለው ሌንስ ነው ብለው ያስባሉ። ለግድግዳ ሥዕል ግን እንዲህ አይደለም። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፤ ካሜራውም በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከቆመ፣ በኤፍ 2 የሰከንድ 16ኛ የሚፈጀው ፎቶግራፍ በኤፍ 8 አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። እንዲያውም በሩ ሲጠብ የሥዕሉ ዳርና ዳር ከመካከሉ ጋር እኩል ይጠራል። ፍላሽም አያስፈልግም፤ ፍላሽ በቀለሙ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጸብራቅ ያሳርፋል፣ በብዙ ቦታም አይፈቀድም። ስለዚህ ሥዕል መዝጋቢው ከፋብሪካዎች ሊመኝ የሚገባው መስመርን የማያጣምም፣ እስከ ጥጉ ድረስ የሚያጠራ፣ ዋጋውም ለአንድ የትምህርት ክፍል የሚቻል ተንሸራታች ሌንስ ነው።

የፋብሪካዎቹ አካሄድ ግን ከዚህ ተስፋ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በዛሬዎቹ ሰፊ ሌንሶች በብዙዎቹ የመስመር መጣመም በመስተዋቱ አይታረምም፤ ሌንሱ እንዲቀልና እንዲረክስ ሲባል እርማቱ ለካሜራው ኮምፒዩተር ይተዋል። ወደ ፊትም ይህ እንደሚበረታ እንገምታለን። ለመንገደኛ ይህ ጥቅም ነው። ለተመራማሪ ግን ኮምፒዩተሩ ጥጉን በመለጠጥ የሚያቃናው ስለ ሆነ፣ በጥጉ ያለው ዝርዝር ይሳሳል፤ በጥጉ የተጻፈ አንድ የግእዝ ቃል ቢኖር የሚጎዳው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የሌሊት ማኅሌት ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ጸናጽሉና መቋሚያው ይንቀሳቀሳሉ፤ ብርሃኑ ጧፍና ጥቂት አምፖል ነው፤ አንድ ሰከንድ ቢጠበቅ የሊቃውንቱ እጅ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ሰፊ በር በእውነት ያስፈልጋል፤ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 1.8 መውረድ ብርሃኑን 5 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል።

በዚህ ረገድ ተስፋው በመፈጸም ላይ ነው ማለት ይቻላል። የትኩረት ርቀታቸው የሚለዋወጥ፣ ዙም የሚባሉት ሌንሶች ለረጅም ዘመን ከኤፍ 2.8 የሰፋ በር አልነበራቸውም ለማለት ይቀርባል። ሲግማ በ2013 ለአነስተኛ ሴንሰር ኤፍ 1.8 የሆነ ዙም አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ለሙሉው ሴንሰር ከ28 እስከ 45 ሚሊ ሜትር በዚያው ቁጥር አቀረበ። ካኖን በ2018 ያወጣው ከ28 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ባለ ኤፍ 2 ሌንስ 1,430 ግራም ይመዝናል፤ ሶኒ በ2024 በተመሳሳይ ርቀትና በር ያወጣው ግን 918 ግራም ብቻ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከቀነሰ፣ ቀላልና ሰፊ በር ያላቸው ዙሞች ወደ ፊት ይበዛሉ ብሎ መገመት ከንቱ ምኞት አይሆንም።

ነገር ግን አንድ ነገር አይለወጥም። በሩ በሰፋ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይቀንሳል፤ የአንዱ ሊቅ ፊት ሲጠራ ከኋላው የቆመው ይደበዝዛል። የማኅሌቱን አቋቋም ለሚያጠና ሰው የሚያስፈልገው ሰልፉ ሁሉ ስለ ሆነ፣ ሌንሱ ይህን እንዲያስቀርለት መጠበቅ የለበትም፤ ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሁሉም በእኩል ርቀት የሚገኙበትን ቦታ መምረጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሥራ የሐይቁ ነው። ፔሊካኖችን፣ አሣ አዳኙን ንስር፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፈውንም ሰው ከዳር ሆኖ ለማንሣት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በጣም የሚሰማው ምኞት «ባለ 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሆኖ በአንድ እጅ የሚያዝ» የሚል ነው። ይህን የሚከለክለው ፋብሪካ ሳይሆን ሒሳብ ነው። 600 ለ4 ሲካፈል 150 ይሆናል፤ ስለዚህ የፊቱ መስተዋት ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ግድ ነው። ርዝመቱንና ክብደቱን መቀነስ ይቻላል፤ ስፋቱን ግን አይቻልም።

ርዝመትን ለመቀነስ የተገኘው አንዱ መንገድ በመስተዋቱ ላይ እጅግ ደቃቅ ክብ ጭረቶችን አድርጎ ብርሃንን ማጠፍ ነው። ካኖን በ2001 ይህን ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ አዋለ፤ ኒኮን በ2015 ባለ 300፣ በ2018 ደግሞ ባለ 500 ሚሊ ሜትር አወጣ። ሌላው መንገድ በሩን አጥብቦ ዋጋውንም ክብደቱንም መቀነስ ነው፤ በ2020 ካኖን ባለ 600 እና ባለ 800 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን በኤፍ 11 አቅርቧል። አንዳንዶች ኤፍ 11 ሲሉ ይሥቁ ነበር። ለጣና የቀን ፀሐይ ግን በቂ ነው፤ በታወቀው የፀሐይ ቀን ስሌት፣ በኤፍ 11 የሴንሰሩ ትብነት አይ ኤስ ኦ 800 ቢሆን ከሰከንድ 1600ኛ ያላነሰ ፍጥነት ይገኛል፤ ይህም የሚበርን ወፍ ለማስቆም ይበቃል። ማለዳና ምሽት ግን አይበቃም።

ከዚህም ጋር የሐይቁ አየር አለ። ቀትር ላይ ከሞቀው ምድርና ከውኃው የሚነሣው አየር ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ሚፈላ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያስቀር ሌንስ የለም፤ ወደ ፊትም አይኖርም፤ ጥፋቱ ከሌንሱ ውጭ ነውና። ማለዳ መነሣትና በጀልባ መቅረብ ከማናቸውም ውድ ሌንስ ይበልጣሉ።

ከሦስቱ ሥራዎች ውጭ ሁላችንን የሚመለከተው የዋጋና የመግጠሚያ ጉዳይ ነው። ኒኮን የ1959ኙን፣ ካኖን የ1987ቱን መግጠሚያ ይዘው ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ፣ ሁለቱም በ2018 መስተዋት ለሌለው ካሜራ አዲስ መግጠሚያ አወጡ። በኒኮን ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ከ46.5 ወደ 16 ሚሊ ሜትር፣ በካኖንም ከ44 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ወረደ። የዚህ ውጤት ለእኛ በጎ ነው፤ ርቀቱ ስላጠረ፣ በመካከል ቀለበት ተጨምሮ የድሮው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ይሠራል፤ አዲሱ ሌንስ ግን በድሮው ካሜራ አይሠራም። ሰዎች ወደ አዲሱ ሲሸጋገሩ የድሮዎቹ ሌንሶች በርካሽ ይሸጣሉ። አንዱ የቤተ ሙከራ ካሜራ አዲስ ቢሆን፣ ሌንሶቹ ሁሉ አሮጌ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሮጌ ሌንስ የሚገዛ ሰው ግን መስተዋቱን በብርሃን አንጻር አድርጎ ይመልከት። በክረምቱ እርጥበት በጨለማ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም በመስተዋቱ ላይ የተቀባውን ቀጭን ሽፋን ይበላዋል። በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ጨው ጋር ማስቀመጥና ቶሎ ቶሎ እያወጡ መጠቀም ይጠብቀዋል። እርጥበትና የጢስ ዓባይ ርጭት የማያስገባ ማሸጊያ በውዶቹ ሌንሶች ብቻ ሳይቀር በርካሾቹም እንዲገኝ መመኘት በእኛ አገር ከሁሉ የሚቀድም ምኞት ነው ብለን እናምናለን።

በመጨረሻ ስለ ስልክ ካሜራ ጥቂት እንበል። የስልክ ሌንስ በሩ በስፋት ትንሽ ስለ ሆነ የጎደለውን በስሌት ያሟላል፤ ብዙ ፎቶግራፎችን ደርቦ አንድ ያደርጋል። ይህ ደግ ነው። አንዳንዱ ግን ሌንሱ ያላየውን ዝርዝር ከሌሎች ሥዕሎች በተማረው መሠረት ገምቶ ይጨምራል። ወደ ፊት ይህ እንደሚስፋፋ አንጠራጠርም። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ላይ የተፋቀ ዓይን ቢኖርና መሣሪያው ዓይኑን ሞልቶ ቢያወጣው፣ ፎቶግራፉ ያምራል፤ ማስረጃነቱ ግን ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተማሪ የሠዓሊውን እጅ ከመሣሪያው ግምት የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።

እንግዲህ ለተማሪ ባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሚመጡት ሌንሶች ሰፊ በር ያላቸውን ቀላል ዙሞችና አጭር የሆኑ ረጅም ሌንሶችን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እነዚህ ይመጣሉ። የብርሃንን ሕግ የሚሽር ሌንስ ግን አንጠብቅ። የግድግዳ ሥዕሎቹን በሚመለከት ደግሞ ከቶ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ፣ አንድ ጽኑ ማቆሚያ፣ አንድ አሮጌ ሰፊ ሌንስና ትዕግሥት ይበቃሉ። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ካሜራው ሳያርመው በፊት ባለው መልኩ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ቀኑ፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ የበሩ ቁጥርና ከግድግዳው የነበረው ርቀት ይጻፍ፤ በሥዕሉም ጠርዝ መለኪያና የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ይግባ። የፊዚክስ፣ የታሪክና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ይህን ሥራ ተከፋፍለው በሚመጣው በጋ ከዘጌ ቢጀምሩት፣ እኛም የድርሻችንን ለመሥራት ዝግጁዎች ነን።