ቮልስና ዲኤክስ በሐረጎ ቁልቁለት፦ በቤት የሚደረግና የማይደረግ የሞተር ጥገና

 

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ጧት ሐረጎን እየተጠማዘዘ የሚወርድ መኪና በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይወጣል። ለአዲስ መኪና ይህ ምንም አይደለም። ካርቡራቶር ላለው አሮጌ ቮልስ ወይም ዲኤክስ ግን በየቀኑ የሚሰጥ ፈተና ነው።

«የመኪና ጥገና ለቤተሰብ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በመሆኑም በየግቢያችን የቆሙት አሮጌ ትንንሽ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። ልጆቻችንን ወደ መድረሳ፣ እናቶቻችንን ወደ ሐኪም የሚያደርሱ፣ ለብዙዎችም የሪዝቅ መንገድ የሆኑ ንብረቶች ናቸው። ንብረትም ነፍስም አማና ነው።

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) በእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ብረት እንደ ገራላቸው ሲነግረን ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹንም በልክ እንዲያደርጉ መታዘዛቸውን አብሮ ይነግረናል። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ በጥንካሬ ብቻ አላበቃም፣ ልክን ጨመረ። የሞተር ሥራም ሚስጥሩ ልክ ነው። አል-ጀዘሪ የተባለው ሙስሊም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ የውኃ ኃይል በሚያዞረው ዘንግ ሁለት ፒስተኖችን ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬድ የውኃ መሳቢያ በሥዕልና በልክ አስቀምጦልናል። የኛ ልጆች ኮፈን ከፍተው የሚያዩት ነገር ለአባቶቻቸው እንግዳ አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ክፍል ውስጥ «ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል» ብለን እናስተምራለን፤ ተማሪው ጽፎ ይረሳዋል። ሐረጎ ግን አያስረሳውም። በደሴ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቮልስዎ በደሴ ዳገት ቢደክም ወዲያው «ሞተሩ አለቀ» ብለው አይደምድሙ። ካርቡራቶሩ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን የሚለቀው ከሞላ ጎደል እንደ ድሮው ነው። ውጤቱም ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ፣ ጥቁር ጭስና ባዶ የሆነ ኪስ ነው።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይበቃል። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል። ለዘብ ብሎ እንደ ተቆላ ቡና ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ አየሩ በዝቷል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ከጥቁሩ ይልቅ ይህኛው ያስፈራል።

መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያለውን ድብልቅ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክል ይችላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የድብልቁን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ያዞሩታል፤ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ ድምፁ ረግቶ ፈጠን ያለበት ቦታ ላይ ይተዉታል። ነገር ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ይህች ብሎን የምታዝዘው መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያለውን ብቻ ነው። በመንገድ ላይ የሚወስነው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። አንዳንድ የደሴ ሰዎች ቤንዚን ለመቆጠብ ይህችን በጠባብ ቀዳዳ ያስለውጣሉ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ ሰው ከመጠን ካላለፈ ላይጎዳ ይችላል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ለሚወርድ ግን አደጋ ነው። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት አገር ነው፤ በዚያ ወፍራም አየር ጠባቧ ቀዳዳ የምትሰጠው ቤንዚን አይበቃም፣ ሞተሩም ቫልቮላውን ያቃጥላል። ቤንዚን ቆጥቦ ሞተር መግዛት ቁጠባ አይባልም።

ስለ ቫልቮላ ካነሳን ቮልስ የሚባለውን መኪና በተለይ ማየት ያስፈልጋል። (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና ነበር። የመጨረሻው የድሮ ሞዴል ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።) ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው፤ ራዲያተር የለውም። የሚይዘው ዘይትም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር ያለች የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት የምታጣራው። ስለዚህ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ መለወጥ አለበት፤ ወንፊቷም አብራ ትታጠባለች። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ግን ነውር ነው፤ ከደሴ የተደፋው በቦርከና በኩል ኮምቦልቻ ካለው ወንድማችን ደጃፍ ይደርሳል።

የቮልስ ቫልቮላ ክፍተት ለአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሞተሩ ላይ ሌላ ቁጥር ከተለጠፈ ያንን ይከተሉ። የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። የዲስትሪቢተሩን ክዳን ያነሳሉ፤ በፑሊው ላይ ያለው ምልክት ከሞተሩ መገጣጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥምና የዲስትሪቢተሩ ጣት ወደ አንደኛው ሲሊንደር ምልክት እስኪያመለክት ሞተሩን በእጅ ያዞራሉ። ያን ጊዜ የአንደኛውን ሲሊንደር ሁለት ቫልቮላዎች በስስ የብረት መለኪያ ይለካሉ። የሚያቀጣጥልበት ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ ፑሊውን ግማሽ ዙር ወደኋላ ቢያዞሩት ሁለተኛው ይመጣል፤ እንደገና ግማሽ ዙር ሦስተኛው፣ ከዚያም አራተኛው። በድሮዎቹ ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር በዘይት ማቀዝቀዣው ስለሚጋረድ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ እሱን ሁለት ጊዜ ለኩት። ብዙዎቹ ዲኤክሶች ግን የሚለኩት ሞተሩ ሞቆ ነው፤ የአንዱን ሥርዓት ለሌላው መውሰድ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ገዢ ሁሉ ድምፁ ጸጥ ያለ ሞተር ይወዳል። ቮልስ ግን ሲሠራ በመጠኑ ቲክ ቲክ ማለቱ የጤና ነው። ሲንኳኳ የነበረው ድንገት ጸጥ ካለ ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቮላው በደንብ መዘጋት አቁሞ ይሆናል፤ ሰንብቶ ይቃጠላል። ይህንን እያወቁ ለሽያጭ ሲሉ ቫልቮላ አጥብቀው ድምፅ የሚያጠፉ፣ ጭስ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ እርጥበት አግኝተው ለሻጩ የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል። ክምሩ ዛሬ ከኮፈን ሥር ነው ያለው።

ከጥገናው ሁሉ ርካሹና ነፍስ የሚያድነው የቤንዚን ጎማ ቱቦ መለወጥ ነው። በቮልስ ሞተር ላይ ያለው ቱቦ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ብልጭታ ካለበት ዲስትሪቢተር አጠገብ ነው የሚወድቀው። የሞተሩ አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ እሱ ራሱ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃ ጭራሽ ያብሰዋል። በእጅ ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ቱቦ ዛሬውኑ ይቀየር፤ ጫፎቹም በሽቦ ሳይሆን በማሰሪያ ቀለበት ይታሰሩ።

ሌላው የደሴ ብርድ ያመጣው ጣጣ ነው። ቮልስ ውስጡን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ ባለፈ አየር ነው። ቱቦው ከተበሳ ሽታ የሌለው መርዛም ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላ የተቀመጡ ሕፃናት «ተኙ» ስንል ራሳቸውን ስተው ሊሆን ይችላል። የጭስ ሽታ ወይም ራስ ምታት ከተሰማ ማሞቂያው ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ቱቦውም ይታይ። እንደዚሁም በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሥራት በፍጹም አይገባም። ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ፍሬንን በተመለከተ ግን ቤት ውስጥ ተሞክሮ አይታይም። ቀደም ባሉት ቮልሶች የአራቱም ጎማ ፍሬን የሚሠራው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ሁሉም ይጠፋል። ባለቤቱ የዘይቱን ልክ በየሳምንቱ ይይ፣ በጎማዎቹ ውስጠኛ ገጽ እርጥበት ካየ መኪናውን ያቁም፤ የቀረውን ለባለሙያ ይተው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሐረጎን ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድም የዚሁ ጥፋት ወንድም ነው። ሞተሩ መኪናውን መያዙ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቆማል። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ።

የተደረገውን ሁሉ ቀንና ኪሎ ሜትር እየጠቀሱ በአንድ ደብተር መመዝገብ ጥሩ ልማድ ነው። ለዚህ ሥራ ጽሑፋቸው የሚያምር ሴቶች ልጆቻችን ከወንዶቹ ይመረጣሉ፤ መለኪያውንም ይያዙ እንጂ ዳር አይቁሙ። መኪናው ሲሸጥ ደብተሩ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጥ።

በመጨረሻም ወጣቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁት ሁለት ነገር። ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብ ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ወደ ሆድ ያለፈው ጾም ያበላሻል፤ የእጅ መሳቢያ ተጠቀሙ። ግሪስ በእጅ ላይ ሳለ ዉዱእ ማድረግን በተመለከተ ዑለማዎች የሚሉት ውኃ ቆዳ እንዳይነካ የሚከለክል አካል ያለው ነገር ሁሉ መወገድ እንዳለበት ነው፤ አካሉ ሄዶ ቀለሙ ብቻ ቢቀር ግን አይጎዳም። በቤንዚን ከመታጠብ ይልቅ መጀመሪያ እጅን በጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙናና በሰጋቱራ ማሸት ግሪሱን ከጥፍር ሥር ሳይቀር ያወጣዋል።