መብራት ለገደለው ሠራተኛ ተጠያቂው ማን ነው?

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና ሰዎቿ ነገርን ሁሉ በሰምና ወርቅ መመርመር ይወዳሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይ ግን ሰም የለውም።

ለምሳሌ ያህል አንድ የደብረ ኤልያስ ጐልማሳ ለሕንፃ ተቋራጭ በቀን ሥራ ተቀጠረ እንበል። ወደ ጣሪያ የሚያቀብለው ረዥም ብረት፣ በላዩ የሚያልፈውን ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ነካና ሞተ። ከለቅሶው በኋላ አሠሪው «ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ አይደለሁ» ይላል፤ ባለ መስመሩም «ብረት አንሣ ያልኩት እኔ ነኝ?» ይላል። ሚስቲቱም «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብላ፣ ጥቂት ብር ተይዞላት ወደ ቤቷ ትሸኛለች።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጐዳ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ባለ መስመሩስ? ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለውን መስመር ከፈንጂና ከመርዝ ጋር ደምሮ ይቈጥረዋል። አደጋውን ያመጣው መንግሥት ቢሆንም፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ቢሆንም ከመክፈል አይድንም። በቁጥር 2086 መሠረት «ጥፋት የለብኝም» ማለት ብቻውን አይረዳውም፤ ዕዳውን የሚያስቀርለት ወይም የሚቀንስለት የሟቹ የራሱ ጥፋት ነው። ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ዝቅተኛ መስመር የሆነ እንደሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል፤ የባለ መስመሩን ጥፋት ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ ሙግቱ ሁሉ የሚዞረው «ሟቹ ምን አጠፋ?» በሚለው ላይ ነው። ሽቦው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር? ማስጠንቀቂያ ነበረ ወይ? ብረቱን አንሣ ያለው ማን ነው? ሽቦው በማግሥቱ ሊጠበቅ፣ ብረቱም ሊነሣ ስለሚችል፣ ፖሊስ ስፍራውን ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳያነሣ ምንም ነገር መነካት የለበትም። የሥራ ባልደረቦቹም ምስክርነት ሳይቀዘቅዝ ይጻፍ።

ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ሟቹ ይሰጣቸው የነበረውን መተዳደሪያ ከባለ መስመሩ ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለ ኀዘናቸው የሚከፈለው የሞራል ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ደኅና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ይህን ቁጥር ሳያሻሽሉ ዝም ብሎ ማለፍ በእኛ አስተያየት ትልቅ በደል ነው።

በባለ መስመሩ ላይ የሚቀርበው ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአሠሪው ላይ በሠራተኛ ሕግ የሚቀርበው ግን በጠቅላላው የ1 ዓመት ጊዜ ብቻ ስላለው፣ አቤቱታው ከሙት ዓመቱ ድግስ በፊት ፍርድ ቤት መድረስ ይኖርበታል።